እንቁላል መጣል ላቆመች ዶሮ ዕዳ አለብን ወይ?



የዛሬው ጽሑፋችን ርእስ ሲታይ ቀላል ሊመስል ይችላል። ስለ ዕውቀት፥ ስለ ሰላም፥ ስለ አገር መጻፍ እየተቻለ ስለ ዶሮ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሰው ጠባይ የሚፈተነው በአደባባይ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ማንም በማያየው በጓሮ ሥራ ነው። በአሶሳና በአካባቢዋ ደግሞ ዶሮ የማይጭርበት ጓሮ ጥቂት ነው። የበርታው፥ የጉሙዙ፥ የሺናሻው፥ የማኦውና የኮሞው ቤት፥ እንዲሁም በ1970ዎቹ በሰፈራ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጣው ወገናችን ቤት በብዙ ነገር ሊለያይ ይችላል፤ በዶሮ ግን ይገናኛል። ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። አንዲት ዶሮ እናስብ። በቄብነቷ ከገበያ ተገዝታ መጣች፤ ልጆቹም በላባዋ መልክ «ገብስማ» ብለው ስም አወጡላት። ለአምስትና ለስድስት ዓመት እንቁላል ጣለች፥ ታቀፈች፥ ፈለፈለች። ከእንቁላሏ የተገኘው ገንዘብ ደብተርና እስክሪብቶ ሆነ፤ ጫጩቶቿን በክንፏ ሸሽጋ ከጭልፊት አዳነች። አሁን ግን እንቁላል ካቆመች ቆይታለች። አንድ እግሯ አብጧል፤ ቆጥ ላይ መውጣት ተስኗታል፤ ጥሬ ሲበተን ሌሎቹ ለቅመው ከጨረሱ በኋላ እያነከሰች ትደርሳለች። ምን እናድርጋት?

ይህን ጥያቄ ለወጣቶች ብናቀርብ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ይሆናል። አንዱ «ለፋሲካ ትቆየንና ትታረድ» ይላል። ሁለተኛው «ሳትሞት በፊት ትሸጥ» ይላል። ሦስተኛው ትከሻውን ነቅንቆ «ተዉአት፥ እንደ ፈቀደች ትኑር» ይላል። እኛ ደግሞ አራተኛ አሳብ እናክልበታለን፤ እርሱም «ትጦር» የሚለው ነው። ከእነዚህ መልሶች የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ከመፍረዳችን በፊት ግን የነገሩን ሥር መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ ዶሮ ስታረጅ ለምን ታነክሳለች? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የወፍ አጥንት ለመብረር እንዲመች ቀላል ሆኖ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱም ውስጡ አየር የሚገባበት ክፍት ነው። ዶሮ እንቁላል ስትሠራ ለቅርፊቱ ብዙ ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ለአንድ እንቁላል 2 ግራም ያህል ይሆናል። ከምትበላው በበቂ ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። እንግዲህ በልጅነቷ የሰጠችን እንቁላል በከፊል ከአጥንቷ የተከፈለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ እንደ ሰው መገጣጠሚያዋ ያረጃል፥ ያብጣል፥ ይደርቃል። ኩላሊቷ ሲደክም ደግሞ በኩሷ ላይ ነጭ ሆኖ የምናየው ዩሪክ አሲድ በሚገባ ሳይወጣ ቀርቶ በእግሯ መገጣጠሚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይህም ሪህ ነው።

ከዕድሜ ውጭ የሆነም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ከአያያዛችን የሚመጣው ነው። ቆጡ ከፍ ያለና ሻካራ ሲሆን፥ ወለሉም ጠጣርና እርጥብ ሲሆን፥ የውስጥ እግሯ ይቆስልና ጀርም ይገባበታል፤ ጥቁር እከክ ይዞ ያብጣል። በእግሯ ቅርፊት ሥር የሚገባ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ተባይ ደግሞ ቅርፊቱን እያነሣ እግሯን ያወፍረዋል፥ ያሳምማታል። ገበያ ስንወስዳት ሁለት እግሯን በገመድ ጠፍረን ቁልቁል አንጠልጥለን መሄዳችንም አለ። ይህ ልማድ በአገራችን በየገበያው የሚታይ ስለ ሆነ ማንንም አያስደንቅም። ነገር ግን ልማድ መሆኑ እግሯን ከመታመም፥ ትንፋሿንም ከመታፈን አያድናትም።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ዶሮ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረችው ትናንት አይደለም። የዘር ግንዷ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የምትኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ናት። ወደ አገራችን ከገባችም እጅግ ብዙ ዘመን ሆኗታል። በትግራይ መዝበር በሚባል ጥንታዊ ሥፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ዕድሜው ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት መካከል መሆኑ ታውቋል። በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው። ከአክሱም መንግሥት በፊት ዶሮ በጓሯችን ትጭር ነበር ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ዶሮን እንደ ፈቃዱ አድርጎ ለውጧታል። የዱሯ ዘመዷ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው፤ ለዘሯ የሚበቃ ያህል ብቻ። የአገራችን ሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ትጥላለች። በምርጫ የተዳቀሉት የውጭ ዝርያዎች ግን ከ250 በላይ ይጥላሉ፤ በትልልቅ እርባታ ቤቶችም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው «አርጅታለች» ተብለው ይወገዳሉ። ዶሮ በተፈጥሮዋ ግን ብዙ ዓመት መኖር ትችላለች። በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት የነበረች «ፒናት» የተባለች ዶሮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ከሚኖሩት ዶሮዎች ሁሉ በዕድሜ የገፋች ተብላ ተመዝግባ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ21 ዓመቷ ሞታለች። እንግዲህ አጭር ያደረግነው የዶሮን ዕድሜ ሳይሆን የእኛን ትዕግሥት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዱር ወፍ ስታነክስ ጭልፊት ቢበላት ማንም ሰው ተጠያቂ አይሆንም። የቤት ዶሮ ግን ጫካ ገብታ ራሷን ማስተዳደር የማትችለው እኛ ስላላመድናት ነው፤ አጥንቷም የሚሳሳው በከፊል እኛ ብዙ እንቁላል ስለ ፈለግን ነው። ሰው ሌላውን ፍጥረት የእርሱ ጥገኛ ካደረገ በኋላ «ራስሽን ቻይ» ቢለው ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን፥ አዎን፥ ዕዳ አለብን የሚል ነው።

ሆኖም አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲል ሊከራከር ይችላል፤ «ዕዳ ማለት በሁለት ወገኖች ስምምነት የሚመጣ ነው። ዶሮዋ አልተዋዋለችም፤ ውለታ መዋሏንም አታውቅም። እንቁላል የጣለችው ተፈጥሮዋ ስለ ሆነ እንጂ እኛን ለመጥቀም አስባ አይደለም።» ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በዚህ ላይ የጥንት ሊቃውንትም ተነጋግረውበታል።

የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ18ኛው መቶ ዓመት ሲያስተምር፥ ሰው በቀጥታ ግዴታ ያለበት ለሰው እንጂ ለእንስሳ አይደለም የሚል አሳብ ነበረው። ነገር ግን እርሱ ራሱ ብዙ ዓመት በታማኝነት ያገለገለውን ውሻ፥ አሁን አይጠቅመኝም ብሎ የሚገድል ሰው በውስጡ ያለውን ሰብአዊነት ይጎዳል ሲል አስተምሯል። በእንስሳ የጨከነ እጅ በሰው ላይ ለመጨከን ይለማመዳልና ነው። የእንግሊዙ ጄረሚ ቤንታም ደግሞ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ መንገድ አሳየ፤ ሊጠየቅ የሚገባው እንስሳው ማሰብ ወይም መናገር መቻሉ ሳይሆን ሕመም የሚሰማው መሆኑ ነው አለ።

ከእነርሱ አስቀድሞ የነበረው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የሮማዊውን የካቶን ታሪክ ሲጽፍ፥ ካቶን ያረጁ ባሪያዎቹን ይሸጥ እንደ ነበር አንሥቶ በብርቱ ይወቅሰዋል። ፕሉታርክ እንደሚነግረን፥ የአቴና ሰዎች ታላቁን ቤተ መቅደሳቸውን ሲሠሩ ብዙ የደከሙትን በቅሎዎች ከሥራ ነፃ አውጥተው በመስክ እንዲሰማሩ ለቀቋቸው። ከእነዚህም አንዱ በራሱ ፈቃድ ወደ ሥራው ቦታ እየተመለሰ ከሚጎትቱት እንስሳት ፊት ፊት ይሄድ ነበርና፥ እስኪሞት ድረስ በሕዝብ ገንዘብ እንዲቀለብ ተወሰነለት። ፕሉታርክ ፍርድና ቸርነትን ለይቶ ይናገራል። ፍርድ በሰዎች መካከል ይሠራል፤ ቸርነት ግን ከሞላ ምንጭ እንደሚፈስ ውሃ ሆኖ እስከ እንስሳት ድረስ ይደርሳል ይላል።

በአሶሳ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ድመትን ዘግታ ሳታበላትና ሳትለቃት በረኃብ ስለ ገደለችና ስለ ተቀጣች ሴት የሚናገር ሐዲስ አላቸው። ልብ እንበል፥ በዚህ ታሪክ ሴትየዋ የተወቀሰችው ድመት ስለሌላት ወይም ድመት ስላልወደደች አይደለም። በእጇ ካስገባቻት በኋላ አልመገበቻትም፥ አልለቀቀቻትምም። የጥያቄያችን ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለተከራካሪው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ዶሮዋ ውለታ መዋሏን አለማወቋ፥ እኛ ውለታ መቀበላችንን ከማወቅ አያድነንም። ዕዳውን የሚያስታውሰው አእምሮ ያለው ወገን ነው። አበዳሪው ረስቷልና አልከፍልም የሚል ሰው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት ይፈርድበታል።

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች እንመለስ። «ትታረድ» ያለውን ወንድማችንን ጨካኝ ልንለው አንችልም። በአገራችን ዶሮ የምትረባው ለእንቁላልና ለሥጋ ነው። ፆም ሲፈታ አሥራ ሁለት ብልት ያለው ወጥ በየቤቱ ይሠራል፤ እኛም እንበላለን። ጤነኛ ዶሮ በአግባቡ ብትታረድ ሥቃዩዋ አጭር ነው። የታመመችውን ግን ሕመሟ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ አርዶ መብላት ለበሊውም አደጋ ነው።

«ትሸጥ» ያለው ግን ቆም ብሎ ያስብ። በፋሲካ ሰሞን ዋጋ ሲወደድ ማነከሷን ሸሽጎ፥ ከጤነኞቹ ጋር አስሮ መሸጥ፥ በዶሮዋ ላይ ከሚደርሰው ሌላ በገዢው ላይ የሚፈጸም ማታለል ነው። ሕመሟ ተላላፊ ከሆነም የሌላ ቤት መንጋ ይፈጃል።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቀው የሚገባን ግን ሦስተኛው፥ «ተዉአት» የሚለው ነው። ይህ መልስ ለጆሮ ደግ ይመስላል። ቢላዋ አላነሣም፥ ለገበያም አላቀረባትም። ነገር ግን «ተዉአት» ሲባል በተግባር የሚሆነው ምንድን ነው? ማለዳ ጥሬ ሲበተን አትደርስም፤ ውሃው ሩቅ ነው፤ ሌሎቹ ዶሮዎች ደካማነቷን አይተው ራሷን ይነቁሯታል፤ ሌሊት ቆጥ መውጣት ስላቃታት መሬት ላይ ስታድር ሸለምጥማጥ ያገኛታል፤ ወይም በኩሷ ላይ ተቀምጣ ትቆስልና ዝንብ ትል ይጥልባታል። ቢላዋው በደቂቃ የሚጨርሰውን ቸልተኝነት በብዙ ሳምንት ይጨርሰዋል። በዚህ መካከል እኛ እጃችን ንጹሕ ነው ብለን እንተኛለን። የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ በአስፋልት ዳር ለቀውት የሚሄዱትም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «አልገደልነውም፥ ነፃ ለቀቅነው።»

እንግዲህ በእኛ አስተያየት በእጃችን ላለ፥ ላረጀና ለታመመ እንስሳ ቅን መንገዱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው መጦር ነው፤ ሁለተኛው ሥቃይዋ መፍትሔ ሲያጣ ያለ ብዙ ሕመም እንድታርፍ ማድረግ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለው፥ ሳይጦሩም ሳያሳርፉም መተው፥ ምንም ቢለመድ ከበደል አይድንም።

መጦር ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ዓይንና ትጋት ነው። ወፍ የሚያሳድዳት እንስሳ ብዙ ስለ ሆነ ሕመሟን ትሸሽጋለች፤ ታመመች ብለን ስናውቅ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ማየት ያስፈልጋል።

ስናነሣት ክንፏን ከሰውነቷ ጋር ሰብስበን፥ እግሯን ከሥር ደግፈን እንያዛት። ደረቷን ጨምቀን መያዝ የለብንም፤ ወፍ እንደ እኛ በሳንባዋ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። የውስጥ እግሯ ቆስሎ ከሆነ ለብ ባለ ጨው ያለበት ውሃ ዘፍዝፈን እናጽዳው፥ በንጹሕ ጨርቅ እንጠቅልለው፤ በምላጭ መቅደድን ግን ለእንስሳት ሐኪም እንተው። ቅርፊቱ ተነሥቶ ነጭ ቆሻሻ የያዘ ከሆነ በሳሙና አጥበን ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ለብዙ ሳምንት ደጋግመን እንቀባት፤ ሌሎቹንም ዶሮዎች እንመርምር። ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ግን ቆዳዋን ያቃጥላል፥ ይመርዛትማል። ለሰው የታዘዘውን የካፕሱል መድኃኒት በውሃ በጥብጦ ማጠጣትም ይቅር፤ መጠኑን አናውቅም፥ መድኃኒቱም በእንቁላልና በሥጋ ወደ በሊው ይተላለፋል።

ማነከሱ ድንገት ከመጣ፥ አንገቷም ከተጣመመ፥ ሌሎቹም መውደቅ ከጀመሩ ግን ይህ እርጅና ሳይሆን ፈንግል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የታመመችውን ለይቶ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። ለፈንግል ክትባት አለው፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ይመረታል።

መኝታዋ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ ይሁን፤ የሻገተ ገለባ ግን ሳንባዋን ስለሚጎዳ አይሁን። በአሶሳ ክረምቱ ረጅም ዝናቡም ብርቱ ስለ ሆነ ጭዱ ቶሎ ይርሳል፤ ቶሎ መለወጥ አለበት። በአካባቢያችን ሽመል እንደ ልብ ይገኛል። በሽመል ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለች መኝታ መሥራት፥ ወደ እርሷም የሚያወጣ ዝቅ ያለ መወጣጫ በእርከን አድርጎ መሥራት ለአንድ ወጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መወጣጫው ልሙጥ ከሆነ ስለሚያንሸራትታት አግዳሚ ቀጫጭን ሽመል ይታሰርበት። ቆጥ ከወደደች ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይብለጥ።

ምግቧና ውሃዋ ከምትተኛበት ሳትርቅ በዝቅተኛ ገል ይቀመጥላት፤ ሌሎቹ እንዳይሻሟት ለብቻዋ ትመገብ። የተሰነጠቀ ማሽላ ወይም በቆሎ፥ ጥቂት የጎመን ቅጠል ይበቃታል። ጨውና በርበሬ ያለበት የወጥ ትርፍ አይሰጣት። ከመጠን በላይ ብትወፍር ያ ክብደት በታመመው እግሯ ላይ ስለሚያርፍ ከልክ አናብላት። በደረቅ አፈርና አመድ መንከባለል ለዶሮ እንደ መታጠብ ነው፤ ራሷ መሄድ ስላልቻለች በሰፌድ ወይም በአሮጌ ሳፋ ይቅረብላት። ፀሐይ ታግኝ፥ ጥላም በአጠገቧ ይኑር። ብቻዋንም አትቅር፤ ዶሮ ባልንጀራ የምትወድ ፍጥረት ናትና በሽመል አጥር ውስጥ ሆና ሌሎቹን እያየች ብትውል ይሻላታል። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና መታጠብም አይዘንጋ።

ይህ የቅንጦት ነገር እንዳይመስለን። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የብሩክፊልድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ «ኩኪ» የሚባል ከበቀቀን ወገን የሆነ ወፍ ነበር። መገጣጠሚያው ታሞ፥ አጥንቱም ሳስቶ ነበርና ጠባቂዎቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ከጎብኚዎች ዓይን አውጥተው በጸጥታ አኖሩት፤ መድኃኒትም ይሰጡት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በ83 ዓመቱ ሞተ። እነርሱ ገንዘብና ሐኪም ነበራቸው ልንል እንችላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ለዚህ ወፍ ካደረጉለት ነገር ትልቁ፥ ሰው ለማስደሰት መሥራቱ ይብቃው ብለው መወሰናቸው ነው። ይህን ለመወሰን ገንዘብ አያስፈልግም።

አሁን ሳንመልሰው ልናልፍ የማንችለው ተቃውሞ አለ። «ሰው ሲቸገር እያየን ስለ ዶሮ እናስባለን?» የሚለው ነው። በክልላችን ይህ ቃል ከባድ ነው። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀየውን ጥሎ ሸሽቷል። ልጁን አዝሎ በሌሊት የወጣ ሰው ዶሮውን ጥሎ ሄደ ብሎ የሚወቅስ ቢኖር ልብ የለውም። ግዴታ በአቅም ልክ ነው፤ ከማይችል ሰው የሚጠየቅ ዕዳ የለም። በአንድ ቤትም ለልጆች የሚበላ ከጠፋ፥ ዶሮዋ መታረዷ ኃጢአት ተብሎ አይቈጠርም።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይህን ተቃውሞ የምናነሣው እኛ ቤታችን በሰላም ያለን፥ አንድ እፍኝ ማሽላ የማይጎድለን ሰዎች ነን። ለዶሮዋ የምንነፍጋት እፍኝ ወደ ተቸገረው ሰው አይሄድም፤ የትም አይሄድም። ደግነት እንደ ጤፍ ተሰፍሮ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚያንስ አይደለም፤ ልምድ ነው፥ በተሠራበት ቁጥር ይበረታል። ሆኖም በተቃራኒው ደግሞ እንጠንቀቅ። ለዶሮዋ ጭድ እየለወጠ አልጋ ላይ የዋሉትን አዛውንት ጎረቤቱን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ወጣት፥ የቀለለውን መርጦ የከበደውን ሸሽቷል። አረጋውያንን ከዶሮ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ ይህ ስድብ ይሆናል። የምንለው፥ ትንሹን ዕዳ ማወቅ ትልቁን ለመርሳት ምክንያት እንዳይሆን ነው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። በብዙ ቤት ዶሮን የሚያበላው፥ የሚያጠጣውና ከሥሯ የሚጠርገው ማን ነው? እናታችንና እኅታችን ናቸው። ስለዚህ አንድ ወንድ ልጅ «ዶሮዋ ትጦር» ብሎ ሲፈርድ፥ በእኅቱ እጅ ደግ ሆኗል ማለት ነው። በሌላ ሰው ድካም የሚሠራ ደግነት ደግነት አይባልም። «ትጦር» ያለ ሰው ነገ ማለዳ እርጥቡን ጭድ ራሱ ያውጣ።

በመጨረሻም መጦር መቼ ይበቃል? ዶሮዋ መብላትና መጠጣት ስትተው፥ ደግፈናትም እንኳ መቀመጥ ሲያቅታት፥ ምንቃሯን ከፍታ በጭንቅ ስትተነፍስ፥ ቁስሏም ታክሞ የማይድን ሲሆን፥ ማቆየታችን ለእርሷ ሳይሆን ለእኛ ልብ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ጠይቀን፥ ሐኪምም ከሌለ ልምድ ያለው ሰው ለምነን፥ ሥቃይዋን ማሳጠር ይገባል። ነገር ግን ራሳችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «የደከመችው እርሷ ናት ወይስ እኛ?» የደከምነው እኛ ከሆንን ተረኛ እንለውጥ እንጂ በእርሷ አንፍረድ።

ውድ አንባብያን! በየጓሯችን የምታነክስ ዶሮ፥ በየመንገዱ ዳር የተጣለ አህያ፥ ጥርሱ ያለቀ ውሻ ይኖራል። ሁሉን እናድን አንልም። ነገር ግን በእጃችን ያለውን አንዱን እንይ። ወይ እንጡር፥ ወይ በርኅራኄ እናሳርፍ፤ አይቶ እንዳላየ ማለፍን ግን ከመካከላችን እናርቅ። የጠቀመንን መውደድ ማንም ይችላል፤ መጥቀሙን ላቆመው ውሃ ማቅረብ ግን የሰውነት ምልክት ነው። እንግዲህ ሽመሉ በአጥራችን፥ ጭዱም በጓዳችን አለና ከዛሬ እንጀምር!